እጇ ይባረክ

የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊዋና ሰዓት ሠሪው ባሏ ምግብ ቤት ገብተው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው የመጀመሪያው ነበር። ዓሣው ቀረበ። ባልየው አንዴ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ቤት ሲበላ እኮ ዓይኑ ከስልኩ ተነቅሎ አያውቅም። የተረፈውን መረቅ በዳቦ ጠርጎ ሳህኑን መስተዋት አስመሰለው።

«የሠራችው ሴት እጇ ይባረክ» አለ።

ይህ ምርቃት ለእሷ ደርሷት አያውቅም። ቀንታ ዓሣው ጨው በዝቶበታል ልትል ፈለገች፤ ቀመሰችው፣ አልበዛበትም።

ሒሳቡ ሲመጣ ከሠፈር ምሳ ቤት ዋጋ አይበልጥም ነበር። ባልየው ተሳስታችኋል ብሎ አስተናጋጁን ጠራው።

«ትክክል ነው ጋሼ፤ የምግብ ሥራ ማስተማሪያ ቤት ስለሆነ ነው። ዓሣውን የሠራችው ተማሪ ናት። ከሁለት ወር በፊት እንቁላል መቀቀል አታውቅም ነበር።»

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አየሽ? ሁለት ወር ይበቃል ማለት ነው።»



በማግስቱ ምሽት «ራት ደረሰ?» እያለ ገባ። ሽርጧን ፈታ ወገቡ ላይ አሰረችለት፤ ሁለት እንቁላል አስጨበጠችው።

«ሁለት ወር እጠብቅሃለሁ» አለችና ስልኳን ይዛ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።