ማዳመጫ ተሰክቷል

...ድምፅ የለም ይል የነበረው ቀዩ ምልክትስ ጠፍቷል፣ እሱስ ጠፋ፣ ታዲያ ድምፁ የታለ፣ ይላል ይሻው በሆዱ፣ ድምፁን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አራት ጊዜ ነቅሎ አራት ጊዜ ጭኖታል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አብርቶታል፣ የድምፅ ማጉያዎቹን ገመድ በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ መልሶ ሰክቷል፣ ምንም። ጭጭ። እናቱ ከኋላው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ አልሆነም እንዴ ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው እማ፣ ትንሽ ነው ካልክ ቆየህ። እውነቷን ነው። የደብረ ታቦር ሰው የሞተ ኮምፒውተሩን አቅፎ የሚመጣው ወደ ይሻው ነው፣ ይሻው ካልቻለው ጣለው ይባላል፣ ይኸው ዛሬ የገዛ ወንድሙን አሮጌ ኮምፒውተር አፍ ማስከፈት አቅቶት ላብ ያጠምቀዋል፣ ያውም በኅዳር፣ የጉና ተራራ ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ። የሞተ። ምን ቃል ነው ያመጣው። ተወው፣ ሥራህን ሥራ።

ማክሰኞ ነው አፕግሬድ ያደረገው። ወንድሙ መልካሙ ከመተማ ሲመጣ ደስ ይበለው፣ እየተንቀራፈፈ ያበሽቀው አልነበር፣ አድስለት ያለችው እናቱ ናት፣ እሱም አደሰው፣ ከወንድሙ ፋይል አንዲት ሳይነካ፣ ድምፁ ብቻ አልመጣ አለ፣ ነገ አየዋለሁ ብሎ ተወው። ሐሙስ ስልክ ተደወለ። የማያውቀው ሰው፣ ሰሊጥ እርሻው ላይ ከመልካሙ ጋር ሚዛን የሚጽፍ ነኝ አለ፣ ወባ ነው፣ ሦስት ቀንም አልቆየ፣ እዚሁ ቀበርነው፣ ምን እናድርግ ወንድሜ። ይሻው ቆሞ ሰማ፣ እሺ አለ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ። እግዜር ይስጥልኝ ይባላል እንዴ።

ለእናት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በዘፈቀደ አይነገርም። ሄዶ ሲነግራቸው የእድሩ ዳኛ አያ ታደሰ እጁን ይዘው፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ እህትህ ዝናሽ ከይፋግ ትድረስ፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መርዶውን እኛ ይዘን እንመጣለን፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው፣ ፊትህን አደራ አሉት። እሺ አያ፣ እንዳሉ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ከቀትር በኋላ። ይኸው ሆድ ፈጅቶታል፣ ከእናቱ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ ጎርሷል፣ ስልኩ ምነው አይነሳም ስትለው ኔትወርክ የለም እማ፣ መተማ እኮ በረሃ ነው ብሏል፣ ዋሽቶ ውኃ ጠጥቶበታል። እንግዲያው ስልኩ እንቢ ካለ ድምፁን በኮምፒውተሩ አሰማኝ፣ እሱ የቀዳው ነገር አይጠፋም፣ ዛሬውኑ አሰማኝ አለች። ምን ይበላት።

ፋይሉ ተከፍቷል። መልካሙ ለሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ በሚያከራይበት ጊዜ የቀዳው ነው። አረንጓዴዋ መስመር ትዘላለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ደግሞ ትዘላለች። ይናገራል ማለት ነው። አሁን፣ እዚህ፣ ወንድሙ አፉን ከፍቶ ይናገራል፣ አይሰማም። ያቺ ረጅሟ ሳሉ ናት፣ ሁለቴ ተከታትላ የዘለለችው ሳቁ፣ ሌላ ማን እንዲህ ይስቃል፣ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ በስመ አብ፣ እንዲህ አይታሰብም፣ የድራይቨር ነገር ነው፣ ድራይቨር ነው።

ከዚያ ያየዋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ማዳመጫ ተሰክቷል ይላል። ጎንበስ ብሎ ከፊት ያለውን ቀዳዳ ያያል፣ ምንም የለበትም፣ ባዶ። ማሽኑ ግን አለ ይላል፣ አንድ ሰው ማዳመጫ ሰክቶ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል ይላል፣ ድምፁን ሁሉ ለዚያ ሰው ይልካል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣ ድራይቨሩ ምን አደረገ፣ ድራይቨሩማ ይሠራል፣ መልካሙ ስንት ዓመት ሲሰካ ሲነቅል የቀዳዳው ብረት ተጣሞ ቀርቶ ነው፣ የሌላ ሰው ማሽን ቢሆን ገና ሲያየው ያውቀው ነበር። እናቱን እንዳይረብሽ ነበር የሚሰካው፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ሲጠሩት አይሰማ፣ ምሳ ሲባል አይሰማ፣ ትከሻውን ካልነኩት። ይሻውን ትከሻውን አንድ ነገር ዳሰስ ያደርገዋል፣ ወይም ያደረገው ይመስለዋል። አይዞርም።

መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ሳጥን ናት። የፊቱን መሰኪያ አትመን፣ ማንም አልሰካም በል፣ ምልክት አድርግባት፣ እሺ በል፣ አለቀ። ስንቱ ማሽን ላይ አድርጓታል፣ ጣቱን ግን ከማውሱ ላይ ያነሳል። ማንም የለም በል። እንዲያ ካለ ድምፁ ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ አይችልም፣ ራሱን ያውቃል፣ አንዲት ቃል ቢሰማ ጩኸቱ ያመልጠዋል፣ እሱ ካመለጠው መርዶው ከእጁ ወደቀ፣ ዝናሽ ገና መንገድ ላይ ናት፣ እናቱ ብቻዋን፣ ደረቷን ስትደቃ አንድ ሴት ሳትይዛት። ፈርቷል። አይሠራም እማ፣ ይላል አፉ፣ ዕቃው ከባሕር ዳር መምጣት አለበት፣ ነገ...

ነገማ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ትላለች።

የእድሩን ድንኳን ከቅዳሴ ስመለስ ፀሐይ ላይ አስጥተውት አየሁ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፣ በመንደሩ የታመመ የለም፣ አያ ታደሰን ሰላም ብላቸው መሬት መሬት አዩ፣ አንተም ከሐሙስ ወዲህ ዓይኔን አታይም። ነገ ወጉን አደርሳለሁ፣ ከሰው ጋር አለቅሳለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ድምፁን ማን ያሰማኛል፣ ዛሬ አሰማኝ ልጄ።

አውቃ ነው፣ ምሳውን አብራው የበላችው አውቃ ነው፣ እሱ እንዳይሰበር ብላ፣ እሱ ለእሷ ሲደብቅ እሷ ለእሱ ስትደብቅ፣ ባንድ ገበታ፣ እማ፣ እማ፣ እንባው ይወርዳል፣ ስክሪኑ ይደበዝዝበታል፣ በዳበሳ ሳጥኗን ያገኛታል፣ ማንም አልሰካም፣ እሺ።

ማጉያዎቹ እሽ ይላሉ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ በጣም ቅርብ፣ ማይኩን በጣት ነካ ነካ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ እማ፣ እስኪ ከጓሮ ሆነሽ ንገሪኝ፣ ይሰማል?

ይሰማል የኔ ጌታ፣ ትላለች እናቱ፣ ቀጥል።