የተወለደችበት ቤት ጨርቅ

ዳንዳፓኒ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ስትረግሙት እኔም አብሬያችሁ እረግመዋለሁና። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀይ ጃንጥላውን ሽቅብ ይዞ፣ ተሳላሚዎችን በደቡብ ሕንድ ከካንቺፑራም እስከ ራሜስዋራም ባሕር ዳርቻ በአውቶቡስ ሲያዞር የኖረ አስጎብኚ ነው። የትኛውን ቤተ መቅደስ የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው፣ የትኛው በር ወረፋው አጭር እንደሆነ፣ የት ትኩስ የሩዝ ኢድሊ እንደሚበላ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አፉ ደግሞ አያርፍም።

«ጫማችሁን አውቶቡስ ውስጥ ተዉ! ድንጋዩ አቃጠለኝ የሚል ካለ ንጉሡን ይክሰስ፤ እኔ አላነጠፍኩትም!» ይላል፤ ሰውም ይስቃል።

የዚያን ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰው ይዞ ነበር። ከመሃላቸው አንዷ እትዬ ኮማላም ናት፤ ከቲንዲቫናም አጠገብ ካለች መንደር የመጣች የስልሳ ሰባት ዓመት ባልቴት፣ ቅጥን ያለች፣ ዓይኗ ግን ንቁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«ልጄ፣ ማዱራይ መቼ ነው የምንገባው?»

«በአራተኛው ቀን፣ እትዬ።»

«አትቀሩም አይደል?»

«እኔ ቀርቼ አላውቅም። ጎማ ነው የሚቀር።»

«ጎማህንም እንግዲያው ምከረው» አለችው። ዳንዳፓኒ ወደዳት። እንዲህ መልስ የማታጣ ተሳላሚ ሲያገኝ ነፍሱ ደስ ይላታል።

ማዱራይን እንዲህ ያስናፈቀቻት እህቷ ናት፣ ራጃቲ። ሁለቱ እህትማማቾች የማዱራይ ቤተ መቅደስ እመቤት የሆነችውን አምላካቸውን፣ ሚናክሺን፣ አብረን ሄደን እናያለን እያሉ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። አንዱን ዓመት ወሊድ ያዛቸው፣ አንዱን ዓመት ጎርፍ፣ አንዱን ዓመት የኮማላም ባል ሞተ። አሁን ደግሞ የራጃቲ ኩላሊት ደከመ፤ ከአልጋ መነሳት አቃታት። «አንቺ ሂጂ፣ ለሁለታችንም አይተሽልኝ ነይ» አለቻት። ኮማላምም እመቤቲቱ ፊት ቆማ የእህቷን ዕድሜ ልትለምን ተሳለች። ከእናትና ከአባታቸው ቤት አምስት ልጆች ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኮማላም የራሷ ስልክ ስለሌላት ለራጃቲ ልጅ ለኢላንጎ የዳንዳፓኒን ቁጥር ሰጥታው ነበር የመጣችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታንጃቩር ነበሩ፣ በትልቁ ቤተ መቅደስ ግቢ። ዳንዳፓኒ የግንቡ ጥላ መሬት አይነካም የሚለውን ወሬውን ጀምሯል። አንድ ጡረተኛ መምህር ደግሞ እጁን ጥላው ላይ ጠቁሞ፣ «ይሄ ታዲያ ምንድን ነው? የአያትህ ጥላ ነው?» ይለዋል። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኮማላምም አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ስትስቅ ነበር፣ ስልኩ ሲጠራ።

«ጋሼ፣ ኢላንጎ ነኝ። የእትዬ ኮማላም የእህታቸው ልጅ።» ድምፁ ተዘግቷል። «እናቴ ጎህ ሲቀድ አረፈች።»

ዳንዳፓኒ ጃንጥላውን አወረደና ወደ ግድግዳው ራቅ አለ።

«ለአክስቴ እኔ በስልክ ልነግራት አልችልም፤ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሯትና መኪና ላይ ያሳፍሩልኝ» አለ ልጁ። «ያለእሷ አስከሬኑን ማንሳት አንችልም። የተወለደችበት ቤት ሰው መጥቶ ጨርቅ ሳያለብሳት እንዴት ትወጣለች? ከእናቴ ቤት ደግሞ ከአክስቴ በቀር የቀረ የለም። የአባቴ ወንድሞች እስከ አስር ሰዓት እንጠብቃለን ብለዋል፤ ከዚያ ወዲያ እሺ አይሉም። የት ናችሁ አሁን?»

እንግዲህ ልብ በሉ። ከታንጃቩር እስከ መንደሯ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ነው። አሁን ብትነሳ ለምሳ ሰዓት ትደርሳለች። ይህን ዳንዳፓኒ ከማንም በላይ ያውቃል፤ መንገዱ እንጀራው ነው።

ግን ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። መርዶ የሰማ ዘመድ የቤተ መቅደስ ደጃፍ አይረግጥም። ሳይሰማ የገባ ነውር የለበትም፤ ሀዘኑ ሰውን የሚይዘው በጆሮው ገብቶ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት በሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ለአንድ ገበሬ የአባቱን ሞት ነግሮት ነበር። ሰውዬው እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠና፣ «አንድ ሰዓት ብትታገሰኝ ምን ነበረበት? አባቴም አመለጠኝ፣ አምላኬም አመለጠኝ!» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰበት። ያ ለቅሶ ከዳንዳፓኒ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም።

ዞር ብሎ ኮማላምን አያት። ከመምህሩ ጋር ስለ ጥላው እየተከራከረች ነው። አሁን ልንገራት? ሠላሳ ዓመት የጠበቀችውን በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ልንጠቃት? የሞተችው ሞታለች። ጨርቁንስ ሌላ ሰው ያለብሳት የለም? እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ተሟግቶም ተረታ፣ የማይሆን መረታት።

«ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናህ» አለው ለኢላንጎ። «እኛ ትናንት ማታ ራሜስዋራም ገብተናል፤ ባሕሩ ዳር ነን።»

ልጁም፣ «ከራሜስዋራምማ አትደርስም» አለ። «በቃ፣ የጎረቤት ሴት ታለብሳታለች። ምን ይደረጋል።»

አይ ዳንዳፓኒ! «ታንጃቩር» የሚል አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

ወደ ማዱራይ ሲጓዙ ኮማላም ከፊት፣ ከሱ ጀርባ ተቀምጣ ስለ ራጃቲ አወራችው። ልጅ ሆነው ማንጎ ሲሰርቁ ራጃቲ እየሮጠች ትበላ ስለነበር ማስረጃው አብሯት አይገኝም ነበር። ስትዳር የሙሽራው ዘመዶች፣ «ልጅቷ ዝምተኛ ናት?» ብለው ሲጠይቁ ኮማላም፣ «አዎ፣ ስትተኛ» ብላ መልሳ እናታቸው ቆንጥጣታለች። ዳንዳፓኒ ይስቅላታል፤ በቀልድ ግን አይመልስላትም። ሾፌሩ እንኳ፣ «ምን ሆነህ ነው ዛሬ? አመመህ እንዴ?» አለው።

«ሙቀቱ ነው» አለ።

ማዱራይ ሲደርሱ ቤተ መቅደሱ ለቀትር ተዘግቶ ነበር። አስር ሰዓት ላይ ሊከፈት ሲል ኮማላም ከሁሉ ቀድማ በር ላይ ቆመች። ፀጉሯን አጥባለች፤ አስባርካ ለራጃቲ የምታደርሰው የመስታወት አምባር በእጇ ይዛለች። ልክ አስር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ዳንዳፓኒ ሰዓቱን አየና ቶሎ ዓይኑን አነሳ።

የዚያን ቀን ከወትሮው አብልጦ ተጋላት፤ ይህን አልክድበትም። ሕዝቡን በክርኑ እየከፈለ፣ «እናታችንን አሳልፉልኝ!» እያለ ከፊት አደረሳት። መጋረጃው ተገለጠ፣ መብራቱ ወጣ፣ አረንጓዴዋ እመቤት በአበባ ተሸፍና ታየች። ኮማላም ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አጋጠመች። ድምፅ አውጥታ ነበር የምትለምነው፣ እንደ ጎረቤት እየተናገረቻት።

«መጥቻለሁ። ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ አትቀየሚን። ያቺ እህቴ ታማብኛለች። አንድ አምስት ዓመት ጨምሪላት። አምስት ከበዛብሽ ሦስት። እኔ ታላቋ ነኝ፣ ከእኔ ቀንሺና ለእሷ ስጪ።»

ዳንዳፓኒ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ቃል በቃል ሰማ።

ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። በግቢው ባለው የወርቅ ሎተስ ኩሬ ደረጃ ላይ ተቀምጣ በቅጠል የተቋጠረውን ቀይ ዱቄት አሳየችው፤ ለራጃቲ ግንባር ነው። «ሰማችኝ፤ ልቤ ነገረኝ» አለች። እሱም ከግቢው እስክትወጣ ጠበቀ። የምሥራቁን በር አልፈው የአምባር ሻጮቹ ጋ ሲደርሱ አስራ ሁለት ሰዓት ሆኗል።

«እትዬ» አላት። «ከቤት ደውለው ነበር። እህትዎ... እህትዎ አርፈዋል።»

«መቼ?»

ጠዋት ሊል አፉን ከፈተ። «አሁን» አለ።

ኮማላም ያለችበት ላይ ቁጭ አለች። «እዬዬ ራጃቲ! እዬዬ ታናሼ! እመቤቲቱን ስለምንልሽ ነው የሄድሽው?» ብላ ደረቷን መታች። ሻጮቹ ዕቃቸውን ትተው ከበቧት፤ አንዷ ውሃ ሰጠቻት። ዳንዳፓኒ ጃንጥላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

እሷ ግን ብዙ አልቆየችም። ፊቷን ጠርጋ ተነሳች።

«ኢላንጎ ያለእኔ አያነሳትም። ዛሬ ያሳድሯታል፤ ሌሊቱን ከሄድኩ ለጠዋት እደርሳለሁ። ጨርቅ ልግዛላት። ይሄን ቀይ ዱቄት አንተ ያዝልኝ፤ እኔ አሁን ሀዘንተኛ ነኝ፣ ልነካው አይገባም።» እጁ ላይ አኖረችለትና ክንዱን ያዘች። «ሳትደብቅ ወዲያው ነገርከኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጉብኝቱ ይለቅ ብሎ ይሸሽገኝ ነበር። እግዜር ይባርክህ ልጄ፣ ቤትህ አይጉደል።»

እንዴት ሰው ይህን ምርቃት ሰምቶ ዝም ይላል? ዳንዳፓኒ ዝም አለ።

ጨርቅ ቤት ገቡ። ባለሱቁ፣ «ለሠርግ ነው እናቴ?» አላት። «ለእህቴ ነው» አለች። ቢጫ፣ ቀይ ድንበር ያለው ሳሪ መረጠች። በጣቷ ዳሰሰችው፣ ወደ መብራት አቀረበችው፣ አንዲት ክር ወጥታ አይታ ሌላ አስለወጠች። «የተቆራረጠ አለበስሽኝ ትለኛለች፤ ምላሷን አላውቅም እንዴ» አለች፤ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። ዳንዳፓኒ ደጅ ወጣ። ሦስት ጊዜ ልናገር ብሎ እስከ በሩ ሄዶ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰ።

አውቶቡስ ጣቢያ ወሰዳት፤ በመስኮት በኩል ጥሩ ቦታ ያዘላት፤ ውሃና ሙዝ ገዛላት። እሱ ከታች ቆሟል። ሳሪው በወረቀት ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው።

«በል ለኢላንጎ ደውልልኝ» አለችው። «መንገድ ላይ ነኝ፣ እስክደርስ እንዳትነኳት እለዋለሁ።» እጇን በመስኮቱ ዘረጋች።

ስልኩን አልሰጣትም።

«እትዬ... አይጠብቁዎትም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንስተዋታል። አስር ሰዓት ላይ።»

«አስር ሰዓት? ሞተች ያልከኝ እኮ አሁን ነው።»

«ጠዋት ነው የደወለው። አንድ ሰዓት ላይ።»

ኮማላም እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ጣቢያው በጥሩምባና በጩኸት ተሞልቶ ነበር።

«ጠዋት የት ነበርን?»

«ታንጃቩር።»

«ከታንጃቩር እደርስ ነበር?»

«ይደርሱ ነበር። ለምሳ ሰዓት።»

«እና እዚያ ውስጥ ዕድሜ ጨምሪላት እያልኩ ስለምናት፣ አጠገቤ ቆመህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እትዬ። ከነገርኩዎት አይገቡም። ሠላሳ ዓመት የጠበቁት እንዳይቀርብዎት ብዬ—»

«ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ከእሷ ጋር ልመጣ ነው! ብቻዬን ለመምጣትማ ምን ያዘኝ? እመቤቲቱ የትም አትሄድ፣ ለከርሞም እዚሁ ናት። የእህቴ ፊት ለከርሞ አለ?»

የሌሊቱ አውቶቡስ ሾፌር ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

«ማን አለበሳት?» አለችው።

«የጎረቤት ሴት።»

«የጎረቤት ሴት» አለች ኮማላም። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ ነገረችው። «ሁለት ነበር የቀረነው። ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ታልብሳት ተባብለን ነበር። ወገን የላትም ብለው የጎረቤት ሴት አለበሷት። እህቷ በሕይወት እያለች።» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «አንተ ሁሉን ታውቅ የለ? እስቲ ንገረኝ፣ ይሄን አሁን ለማን ላልብሰው?»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ዳንዳፓኒ መስኮቱን ይዞ ጥቂት አብሮ ተራመደ፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። እሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመስኮቱ ጠርዝ አላቀቀችና መስታወቱን ዘጋችው።