የሟቿ ፖስታ

ዶሪን ፎንግ በሠላሳ ዓመት የትወና ሥራዋ ያልሞተችው ሞት የለም። መጠጥ ሱቅ ውስጥ ባለሱቅ ሆና በጥይት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆና በወረርሽኝ፣ የጦርነት ፊልም ላይ ደግሞ ሩዝ ማሳ መሐል ሞታለች። የሎስ አንጀለስ ፊልም ሠሪዎች የእሷን ዓይነት የቻይና ፊት ሲያዩ ቶሎ የሚታያቸው ሬሳ ሳይሆን አይቀርም። መልኳን የሚያውቅ ሞልቷል፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ተፈልጎም አይገኝም።

በሞተች ቁጥር እናቷ ወይዘሮ ሱት-ዪንግ ሳንቲም ያለበት ቀይ ፖስታ ይሰጧታል። ሟች ሆኖ የተጫወተ ሰው ቀይ ፖስታ ካልተቀበለ ክፉው ዕጣ ተከትሎት ቤቱ ይገባል፤ የሆንግ ኮንግ ሰው ይህን ያውቃል። አሮጊቷ በዚህ ነገር ቀልድ የላቸውም። አራት የሞት ቁጥር ነው ብለው ባለአራት ቁጥሩን ጥሩ ቤት ጥለው የወጡ፣ በአዲስ ዓመት ሰሞን ስለ ሞት ያወራ ልጅ ሲያጋጥማቸው አፉን በሶፍት የሚጠርጉ ሴት ናቸው።

ደህና ገጸ ባሕርይ የሚጽፍላት ሲጠፋ ዶሪን ራሷ ቴአትር ጻፈች። ቴአትሩ የእናቷ ሕይወት ነው፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ያረጁትን እናቷን ሆና ብቻዋን ትጫወተዋለች። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ድፍት ብላ ትሞታለች። ዶሪን ይህን ስትጽፍ እናቷ ደረጃ በሩጫ ይወጡ ነበር። ዘንድሮ ግን ልባቸው ታመመ፣ ማክሰኞ ቀዶ ጥገና ይጠብቃቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ደውለው ነገ ከሰዓት ቴአትሩን ሊያዩ እንደሚመጡ ሲነግሯት ዶሪን ክው አለች።

የሰውን ሞት በቁሙ መጻፍ ሟርት ነው። ይህን ሟርት ይዘው ሐኪም ቢላዋ ሥር ሊተኙ? ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ሲነጋ መብራት የሚቆጣጠረውን ራሞንን ለመነችው። እናትየዋ መርፌዋ ውስጥ ክር ስታስገባ መብራቱን እንዲያጠፋና ሞቱ እንዲቀር ተስማሙ። ራሞን ሰው ትኬት የሚገዛው መርፌ ለማየት ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ፤ ግን እሺ አለ።

ከሰዓት እናቷ ቀይ ሹራብ ለብሰው፣ ብርቱካን የሞላ ከረጢት ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዶሪን እንደምንም መርፌዋ ጋ ደረሰች። ክሩን አስገባች። ራሞን አንድ አፍታ ዘገየ። በዚያች አፍታ ሰውነቷ ሠላሳ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ትከሻዋ ወደቀ፣ ግንባሯ ስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። መብራቱ ያኔ ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ እንደተደፋች፣ ገደልኳት አለች በልቧ። ሰው አጨበጨበ። መብራት ሲበራ የእናቷ እጆች ከከረጢቱ ላይ አልተነሡም።

እናቷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ መጡ። ዶሪን ቀና ብላ ልታያቸው ፈራች።

"እማዬ፣ እንዳይሆን ብዬ ነበር። ሰውነቴ ነው..."

እናቷ እጃቸውን ዘረጉ። "የታለ?"

"ምኑ?"

"ፖስታዬ ነዋ። ስንት ዘመን አንቺ ስትሞቺ ሰጥቼሻለሁ። ዛሬ የሞትኩት እኔ ነኝ።"

ዶሪን ቦርሳዋን ዘረገፈች። ሊፕስቲክ፣ ቁልፍ፣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት። ያን ሁሉ ስትፈራ ፖስታው አንዴም ትዝ አላላትም። እናቷ ከሹራባቸው ኪስ ባዶ ቀይ ፖስታ አወጡ።

"እንደምትረሺ አውቄ ነው። መቼም ሳንቲም አይጠፋሽም።"

"መጨረሻው ላይ እንደምትሞቺ በምን አወቅሽ?"

"አንቺ ሳትሞቺ ያለቀ ሥራ አይቼልሽ አላውቅም።"

ሳንቲሙን ከታ እንደ ደንቡ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እናቷ ፖስታውን በልባቸው በኩል ሹራባቸው ውስጥ ሸጎጡት። ዶሪን እጃቸውን ስትይዘው በረዶ ሆኗል።

"ፈርተሻል፣ እማዬ።"

"ቴሌቪዥን ላይ ሬሳ ሆነሽ ባየሁሽ ቁጥር እንዲህ ነበርኩ" አሉ እናቷ። "አሁን ገባሽ?"

ዶሪን መኪናው ጋ እስኪደርሱ ያን እጅ አልለቀቀችም።