የገማል ጊታር

ጥላዬ ትንሿን መስታወት በጊታሩ ቀዳዳ አስገብቶ የስልኩን መብራት አበራበት። ከፊቱ ሳንቃ ሥር ሰባት ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል። ሁለቱን መልሶ ያጣበቃቸው እሱ ነው። ኮላው ይዟል፤ ግን ክር እስኪወጠርበት ድረስ ኮላን ማን ያምናል?

«ኸላስ፣ አለቀ አሞ?» አለች ማላዝ፣ እንደ አጎት እየጠራችው፣ ካርቱም ካላክላ ሰፈር ካለችው ጠባብ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጣ።

«አላለቀም። አትቸኩዪ።»

ጊታሩ የሟች አባቷ የገማል ነው። ሠርግ ላይ ስትጫወት በጫጫታው መሐል ይሰማልኝ ብላ የብረት ክር አሰረችበት። የድሮዎቹ የስፔን ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ሳንቃ ያሳሱት ለአንጀት ክር ነበር፤ ዛሬም ከናይለን የበረታ አይችልም። ለብረት የሚሠራው ከውስጡ ወፍራም እንጨት በመስቀል ይገባለታል። ይህን ማን ይንገራት? ሳንቃው አብጦ ተሰነጠቀ። ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እናቷ ዝናሽ መሰበሩን አልሰማችም። እሷ በየዓርቡ ደውላ ልጇን የባሏን ጊታር በስልክ ታስጫውታለች። ማላዝ ሦስት ዓርብ «እጄን አመመኝ» እያለች ሸነገለቻት። ዛሬ አራተኛው ነው።

ማላዝ ጊታሩን መጀመሪያ የወሰደችው ዑድ የሚባለውን የዐረብ ባለክር መሣሪያ የሚሠራው ዐብደልወሃብ ዘንድ ነበር። «ማገዶ ነው» አላት። ጥላዬ ለዚህ ሰው ስድስት ዓመት እንጨት ሲልግለት ኖሯል። «ይሄ ነጃር ነው፣ ሳጥን ይሥራ» ይለው ነበር፣ ደንበኛ ፊት። አናጢ መባሉ አይደለም ያንገበገበው፤ እየሳቀ ማለቱ ነው።

ዐብደልወሃብ ቢጠግነው ኖሮ ስንጥቁን በማግስቱ በኮላና በሰጋቱራ ይደፍነው ነበር። ጥላዬ ግን በካርቱም ሙቀት የደረቀውን እንጨት ከዚሩ፣ ከውኃው እንስራ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆመው። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስንጥቁ በራሱ ሲገጥም ነው ኮላ ያስነካው።

አሁን የናይለኑን ክሮች አንድ በአንድ እየወጠረ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ።

«አሞ፣ ጊታር ነው ወላ ቦምብ? ምን ትፈራለህ?»

«ዝም በይ። ቦምብ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

ቋ! አለ። ጥላዬ ሳንቃውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ልሙጥ ነው። የጮኸው የመወጠሪያው የዛገ ጥርስ ኖሯል።

የማላዝ ስልክ ጠራ፤ እናቷ ናት። ማላዝ ጥላዬን አየችው። እሱም ጊታሩን አሳቀፋት።

አባቷ የሚያዘወትረውን ዜማ ጀመረች። ሳንቃው ቻለ። ጥላዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ የታወቀው ያኔ ነው።

በስልኩ ውስጥ የአፍንጫ መናፈጥ ተሰማ።

«እሱ ነው» አለች ዝናሽ። «ድምፁ ግን ጠርቷል። ማን ነካው?»

ማላዝ ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ተወችው። «ተሰብሮ ነበር፣ ማማ። አሞ ጥላዬ ሠራው።» ስልኩንም አቀበለችው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለው ድምፁ።

ለዐብደልወሃብ ስድብ ሲሆን ስንት መልስ አጠራቅሞ ነበር! ማላዝ ዜማውን ካቆመችበት ቀጠለች። ጥላዬ የሴትዮዋን ድምፅ ለመስማት ሌላውን ጆሮውን በመዳፉ ደፈነና፣ «አቤት፣ እትዬ ዝናሽ» አለ፤ «አቤት።»