ሦስት ትምህርት ቤቶች በአባዬ ሚዛን

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ በሥነ ፈለክ ለሁለተኛ ዲግሪ የተቀበሉኝ ትምህርት ቤቶች ሦስት፣ መልስ ለመስጠት የቀረኝ ጊዜ ሃያ ሁለት ሰዓት። አራት ዓመት በአየር ጠባይ ጣቢያ ስሠራ ሰማዩን ያየሁት በቁጥር ብቻ ነው። አሁን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ብሳሳት ሌላ ሁለት ዓመት ቁጥር ላይ አፈጣለሁ።

ስለዚህ ሰባት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንደኛ የወጣው ስመ ጥሩው ትምህርት ቤት ነው። አክስቴ ውጤቱን ሳትጠብቅ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለታለች።

አባዬ የገበያ ሚዛን ጠጋኝ ነው። ወረቀቱን በቅባታም ጣቱ ያዘው።

«የአማካሪ ክትትል፣ ዘጠኝ» ብሎ አነበበ። «እኚህ ሰውዬ ስንት ደብዳቤ ጻፉልሽ?»

«አንድም።»

«ታዲያ ዘጠኙ ከየት መጣ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው፣ አባዬ።»

«ሥጋ ሻጩም አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ሲያሳርፍ ‹ትልቅ በሬ ነው› ይለኛል።»

አባዬ ሚዛን ሲመረምር ግራና ቀኝ ሳህን ላይ ያለውን ዕቃ ያቀያይራል። ደህና ሚዛን ቢያቀያይሩበትም ቃሉን አያጥፍም።

«የትምህርት ቤቶቹን ስም ሸፍነሽ ፍሬ ነገሩን ብቻ አንብቢ» አለኝ። «ነጥቡን እኛ እንሰጣለን።»

«እኔ ስለ ኮከብ ምን አውቄ!» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው አክስቴ።

«ስለ ሥጋም አታውቂም፤ ስትታለዪ ግን ይገባሻል» አላት ወንድሟ አባዬ።

«ሀ» ብዬ ጀመርኩ። «ቴሌስኮፑ ስምንት ሜትር ነው። ተማሪ አይነካውም፤ ውጤቱ በኮምፒውተር ይላክለታል። አማካሪው ሃያ ስድስት ተማሪ አላቸው።»

«ይሄ ወረፋ እንጂ ትምህርት ቤት ነው?» አለች አክስቴ። «ሁለት በይ!»

«ለ። ቴሌስኮፕ የለውም፤ ግቢው ግን ያምራል።»

«ሽርሽር ነው እንዴ የምትሄጂው? ሦስት።»

«ሐ። ቴሌስኮፑ አርባ ሴንቲሜትር፣ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት። ተማሪው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ራሱ ያይበታል። ጣሪያው በእጅ እየተሽከረከረ ነው የሚከፈተው፤ አንዳንዴ እምቢ ይላል። መምህርቷ አራት ገጽ ጽፈውልኛል።»

«እምቢ ሲል ምን ያደርጋሉ?»

«በእርግጫ እንመታዋለን ይላሉ።»

«ሐቀኛ ሴትዮ! ዘጠኝ!»

አባዬም ለሀ ሦስት፣ ለሐ ስምንት ሰጠ። ከዚያ መሸፈኛውን አነሳሁ። አክስቴ «ሀ» አጠገብ የተጻፈውን ስም አየችና ደነገጠች።

«ይሄ የኔው አይደለም እንዴ?»

«ያንቺው ነው። ሁለት የሰጠሽው» አላት አባዬ።

«መነጽሬን አላደረግኩም ነበር!»

ያነበብኩት ጮክ ብዬ ነው።

«ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለቤት አከራዬ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ተናግሬያለሁ! ምን ልበላቸው?»

«ጥርስ ሐኪሙ እጁን አፍሽ ውስጥ ከትቶ እንዴት ነገርሽው?» ብሎ አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች የመጡልኝን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሁለቱ እንደመጡ ናቸው። የሐ አራት ገጾች ግን ከመነበብ ብዛት ማጠፊያቸው ላይ ሊበጠሱ ደርሰዋል። ይህን ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

መልሴን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ላክሁ። አክስቴ ለጥርስ ሐኪሙ እስካሁን አላስተባበለችም።

ሐ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሌሊቶች ሰማዩ በአሥራ ዘጠኙ ጠራ። ከእነዚያ ውስጥ ጣሪያው በስድስቱ እምቢ ሲል፣ እርግጫው የሠራው በሁለቱ ነው። በዓይኔ ያየሁት አሥራ አምስት ሌሊት ነው።