የጀልባዋ ፕሮፔለርና የኢስሃቅ መሐላ

ኢስሃቅ ሳይምል ውሃ አይጠጣም። «ወላሂ ጠምቶኛል» ብሎ ይጠጣል፤ «ወላሂ ረካሁ» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ከወሎ መጥቶ መቐለ ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው ጋራዥ ውስጥ እሱ ያልፈታው ሞተር፣ ያልማለበትም ቡሎን የለም። ሚስቱ ነዒማ እዚያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። የባሏን መሐላ እንደ መዶሻው ድምፅ ለምዳዋለች፤ እሱ እያንኳኳ እሷ ትቀዳለች።

የማይለመደው ትልቁ መሐላ ነው። ያ «ይህ ካልሆነ ሚስቴ ፍቺ ትሁን» የሚባለው። ኢስሃቅ ይህን ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል። አንዴ የእህል ወፍጮ ሞተር «ዛሬ ካልተነሳ» ብሎ ማለ፤ ሞተሩ በማግስቱ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በእግር ኳስ ማለ። የተሸነፉት እንግሊዝ አገር ያሉ ልጆች ነበሩ፣ የተፈታችው ግን መቐለ ሻይ የምታፈላው ነዒማ ናት። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። በሁለተኛው ዕርቅ ያስታረቋቸው ሼኽ ሦስት ጣታቸውን አወጡ፣ ሁለቱን አጠፉ፣ የቀረችውን አንዲቱን ኢስሃቅ አፍንጫ ሥር አቆሟት።

«ሦስተኛዋ ፍቺ ይህቺ ናት፤ ከሄደች መመለሻ የለም» አሉት።

«ወላሂ ገብቶኛል» አለ ኢስሃቅ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሕሉፍ መጣ። ሕሉፍ ተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግር ጀልባ አለው። በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው ግን ጀልባዋን ሳይሆን አፍንጫዋ ውስጥ የምትቀመጠውን ትንሽ ሞተር ነው። ነፋስ ሲነሳ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ጎን እየገፋች ወደ ዳር የምታስጠጋው እሷ ናት። ጫፏ ላይ እየተሽከረከረች ውሃውን የምትገፋ፣ የሰው መዳፍ የምታክል ፕሮፔለር አለች። ጀልባዋ ለዓመታት ሥራ ፈትታ ስትቆም ዘንጉ ዛገና ፕሮፔለሯን ነክሶ ያዛት። ከኋላዋ ያለው፣ ውሃ ማስገባት የጀመረው ጎማ እንዲቀየር ፕሮፔለሯ መውጣት አለባት።

«ኢስሃቕ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ፕሮፔለሯ ፕላስቲክ ናት» አለ ሕሉፍ። «እሳት እንዳታሳያት። በመዶሻም እንዳትነካት፣ ሞተሯ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይረግፋሉ።»

ኢስሃቅ ጀልባ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ከጉልበቱ በላይ የሚደርስ ውሃ ውስጥም ገብቶ አያውቅም። ሞተሯን በአንድ እጁ ገለባበጣትና ሳቀ። የካሚዮን ካምቢዮ በትከሻው ለሚያወርድ ሰው የሕፃን መጫወቻ ያመጡለት መሰለው።

«ይህቺን ነው?» አለ። «ዛሬ ከሰዓት የዐስር አዛን ሳይል ካላወጣኋት ነዒማ ፍቺ ትሁን!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሰባት ሰዎች እስከ መጨረሻዋ ቃል ሰሙ።

ነዒማ ከሰል እያራገበች ልብ አላለችውም፤ ወሬውን ያደረሱላት ጎረቤቷ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ እማማ ኣረጋሽ ናቸው። ጉሊታቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«ዋይ ኣነ! ነዒማ ጓለይ፣ ባልሽ በፕላስቲክ ሊፈታሽ ነው!»

ነዒማ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ የሼኹ ጣት ትዝ አላት፣ ሳቋም ጠፋ።

ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ኢስሃቅ ሞተሯን ሞርሳ መያዣው ላይ አስሯታል። ዳዶዋን ፈትቷል፣ ፕሮፔለሯን ከዘንጉ ጋር የሚይዘውን ቀጭን ብረትም ገፍቶ አውጥቷል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚያኮራ ነበር። ከዚያ በኋላ ፕሮፔለሯ እምቢ አለች። ናፍጣ ጠጣች፤ እምቢ። ባለ ሦስት እግሩን መንቀያ አጥልቆ ዘንጉን እየገፋ የፕሮፔለሯን ጠርዝ ሳበ፤ አንዷ ክንፍ ሲጢጥ አለች፣ ሕሉፍም አብሯት ጮኸ። ኢስሃቅ ዓይኑ ወደ መዶሻው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«አብሽር» ይላል ለሕሉፍ። «ወላሂ እየመጣች ነው።»

እየመጣ ያለው የዐስር ሶላት ሰዓት ብቻ ነበር።

ነዒማ ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ተናዳለች። እውነቱን ለመናገር፣ ለትንሽ ጊዜ «አትውጪ፣ እዚያው ሁኚ» ብላ ለፕሮፔለሯ ዱዓ አደረገች። የእሷ ትዳር እንደ ኪያቤ እየተነሳ ብረት የሚፈታበት ነገር ነው እንዴ? ደግሞ ያ ውሃ የጠፋበት ሰሞን ትዝ አላት። እሷ ታማ ተኝታ እሱ ከዓይናለም በኩል ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ በየጀሪካኑ «ወላሂ ሁለተኛ አልሄድም» እያለ፣ ሁልጊዜ እየሄደ። ትወደዋለች። የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

እንዲህ እያሰበች ሳለ ሁለት ብርጭቆዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተቀርቅረው እምቢ አሏት። እንደ ወትሮዋ በውጨኛው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። ውጨኛው ሰፋ፣ ውስጠኛው ሸርተት ብሎ ወጣ።

ነዒማ ሁለቱን ብርጭቆዎች በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ውስጠኛው ዘንጉ ነው። ውጨኛው ፕላስቲኳ ናት።

ባሏ ሰባት ሰው ሰብስቦ ያጣው ነገር በእሷ እጅ ነበር፤ ይህንንም ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ዝም ነው። እማማ ኣረጋሽ ብቻ ፊቷን አይተው «ምንድን ነው?» አሏት።

«ምንም» አለች ነዒማ፣ ማንቆርቆሪያውንም ፈርኔሎው ላይ መልሳ ጣደችው። እስኪንተከተክ ጠበቀች፤ አልቸኮለችም።

ይዛው ስትገባ ለአዛኑ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር። ኢስሃቅ መዶሻውን አንስቷል፣ ሕሉፍ ክንዱን ይዞታል።

«አስቀምጠው» አለች። «ፕሮፔለሯን የሚያወጣት ይኼ ነው።»

ሰዎቹ ማንቆርቆሪያውን አዩ። አንዱ «ሻይ ልትጋብዣት ነው?» አለ፤ የሳቀለት የለም።

«እውነትሽን ነው?» አለ ኢስሃቅ።

«እውነቴን ነው። ግን በመጀመሪያ አንድ ነገር ትነግረኛለህ። እንዳፈስባት የምትፈልገው ለምንድን ነው? ሳትምል ንገረኝ።»

«ወላሂ...»

«አልሰማሁም።»

«በአላህ ይዤሻለሁ...»

ነዒማ ማንቆርቆሪያውን ወደ በሩ አዞረችው። ኢስሃቅ መዶሻውን አስቀመጠ። በአሥራ ሁለት ዓመት የልቡን አንድ ነገር እንኳ ያለ መሐላ ተናግሮ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው። ሰባቱ ሰዎች ጫማቸውን አዩ።

«ፈርቻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ደክሞ። «ነዒማ፣ እንዳትሄጂብኝ ፈርቻለሁ። አፌ ነው ያጠፋው።»

ነዒማ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«መንቀያውን አጥብቅ» አለችው።

አጠበቀ። እሷ የፈላውን ውሃ በፕሮፔለሯ እምብርት ዙሪያ ቀስ ብላ አፈሰሰች፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ሩብ ዙር አጠበቀ። እንደገና አፈሰሰች። «ጧ!» አለ፤ ሰው ሁሉ ክንፏ የተሰበረች መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ፕሮፔለሯ ክንፏ ሳይጎድል መንቀያው ላይ ተንጠልጥላለች፣ ኢስሃቅም የነዒማን ቀሚስ ጫፍ ግራሶ በነካው እጁ ጨብጦ ይዟል። አዛኑ ያን ጊዜ ተጀመረ።

«ቀሚሴን!» አለች ነዒማ። ግን አላስለቀቀችውም።

እማማ ኣረጋሽ በር ላይ ቆመው እልል አሉ። ሕሉፍ ፕሮፔለሯን በሁለት እጁ ተቀብሎ እያገላበጠ አያት።

«የቐንየለይ ኢስሃቕ ሓወይ» ብሎ አመሰገነ። «ነዒማ ሓፍተይ፣ የቐንየለይ። ጎማዋን ከቀየርክልኝ በኋላ ግን፣ ሁለተኛ እንዲህ ተነክሳ አትቀርም አይደል?»

ኢስሃቅ ደረቱን ነፋ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ አነሳ፣ አፉን ከፈተ። ነዒማ ማንቆርቆሪያውን ነቅነቅ አደረገችው። ግማሽ ያህል ቀርቶታል።

«እንጃ» አለ ኢስሃቅ።