ዳይሬክተሯ ወላጅ አመጣች

ትምህርት ቤታችን አንድ ዓመት የተማረ በአምስት ቋንቋ መሳደብ ይችላል፤ እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ በሰባት። ይህን ሁሉ ጉድ ቀጥ አደርጋለሁ ብላ የመጣችው አዲሷ ዳይሬክተር ናት። አፏን በከፈተች ቁጥር «ለውጥ» ስለምትል «እትዬ ለውጥ» አልናት። የመጀመሪያ ሕጓ ይህ ነበር፦ ከክፍል የተባረረ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወላጅ ሳያመጣ አይገባም።

እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው። ተጠርቶ ተጠርቶ የሰለቸው አባዬ፣ «እንግዲህ አንዴ ቢጠሩኝ፣ አክስትሽ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትሰፊ ትውያለሽ» ብሎ ምሏል። አባዬ ደግሞ ከማለ አለቀ። ስለዚህ አፌን ለጉሜ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ዕለት እትዬ ለውጥ «ችግሩን ከተማሪ ወንበር ላይ ሆኜ ልየው» ብላ ቦርሳዋን አንግታ ክፍላችን ገባች። በዚያ እንደ ገበያ በታጨቀ ክፍል ባዶ ቦታ የት ይገኛል? እኔ አጠገብ ነዋ!

የሂሳብ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳውን በቁጥር ይሞላል። እትዬ ለውጥ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«ስሚ፣ ይቺ ስምንት ከየት መጣች?»

ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ኧረ ንገሪኝ፣ በናትሽ!»

«ሁለት ሲባዛ በአራት ነው እኮ፣ እትዬ» አልኩ በሹክሹክታ።

የመምህሩ ጆሮ ጉንዳን ሲያስነጥስ ይሰማል። ዞር እንኳ ሳይል፣ «አንቺ! ውጪ!» አለ። ማን እንደሆነ ማየት አላስፈለገውም፤ ለምዶብኛል።

የስፌት መኪናው ከወዲሁ ጆሮዬ ላይ ተንቀጫቀጨ። ቦርሳዬን ሳነሳ እትዬ ለውጥ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ዞሮ ሲያያት ላብ አጠመቀው። «እ... እርስዎማ ይቀመጡ እንጂ...»

«ማንም ይሁን ማን!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሙሉ ተቀበለው። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ምርኩዝ የያዙ እናቷን ይዛ መጣች። እኔም ለምስክርነት ቢሮ ተጠራሁ። ምክትል ዳይሬክተሩ የእሷ ወንበር ላይ ተኮፍሶ፣ «ልጅዎ ክፍል ውስጥ አወራች» አላቸው።

«ድሮስ አፏ መች ያርፋል!» አሉ እናትየው። ከዚያ እኔ ላይ አፍጥጠው፣ «ልጄን የምታበላሺያት አንቺ ነሽ?»

«እሷም መልሳላታለች፤ ወላጅ ታምጣ» አለ ምክትሉ ወደ እኔ እየጠቆመ። የስፌት መኪናው እንደገና ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«እሷ ምን አጠፋች?» አለች እትዬ ለውጥ፣ እንደ ተማሪ ቆማ። «ያልገባኝ እኔ፣ የጠየቅኩት እኔ። ያልገባውን ስለጠየቀ የሚባረር ካለማ ሕጉን ያወጣሁት እኔ አጥፍቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል።»

«ታዲያ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቂያታ!» አሏት እናቷ።

«ይቅርታ» አለችኝ።

እፎይታው አፌን ፈታውና፣ «ምንም አይደል፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አልኳት።

የምክትሉ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። እናትየው ግን ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ይበልሽ!» አሉ።